የውሃ ጭቃ ሹም

ከጣርማ በር ወርዶ፣ ደብረ ሲና ሳይደርስ፣
መንገዱ ሲጠመም፣ ገደሉ ጉም ሲለብስ፣
አንድ ስብራት አለ፣ ምድር የነቃበት፣
ላይ ሰፈር፣ ታች ሰፈር የሚኳረፉበት።

ከላይ ምንጭ ይፈላል፣ በበጋም አይነጥፍ፤
ከታች ግን ጀሪካን ባዶውን ሲሰለፍ።
ቆፋሪዎች መጥተው፣ መቶ ሜትር ወርደው፣
ዱቄት አፍሰው ሄዱ፣ ክፍያቸውን ወስደው።
«ላዮቹ ቀብረዋል» ይላሉ ታቾቹ፤
«የለም፣ እርግማን ነው» ሽማግሌዎቹ።
አያ ጓንጉል ብቻ፣ መጫኛ ሲገምዱ፣
«መንገዱ ላይ ሹም አለ» ብለውኝ ነጎዱ።

እኔ ወንድይራድ ነኝ፣ ከውሃ ጽሕፈት ቤት፤
መዶሻ በወገቤ፣ ማዳበሪያ ባንገት፣
ስብራቱን ይዤ፣ በሸንተረሩ ላይ፣
ሦስት ቀን ቆነጠርሁ የተፈጨ ድንጋይ።

ከወንዙ አፋፍ ያለው ስባሪ ነው፣ ጠጠር፤
ሲጨብጡት ይሾልካል፣ የማይተባበር።
የመካከሉ ደግሞ፣ ጥቂት ጭቃ ነክቶት፣
ሊጥ ልሁን ይልና ይተዋል ታክቶት።
ሦስተኛው ከምንጩ ሥር፤ ግራጫ፣ ለስላሳ፣
ጥፍሬን ይዞ ቀረ፣ ታጥቦም አልተነሳ።

ሦስት ጣሳ በሳሁ፣ የዘይት፣ በሚስማር፤
ጠቅጥቄ ደረደርሁ በእትዬ ብርቄ አጥር፤
እኩል ውሃ አፍስሼ፣ ስልኬን ይዤ መቁጠር፣
መቁጠር፣
መቁጠር።

የፊተኛው ጣሳ፣ «በስመ አብ» ሳልጨርስ፣
ባዶውን ተገኘ፣ እንደ ሰካራም ኪስ።
ሁለተኛው ቀስ እያለ ጠብ፣ ጠብ ሲል ዋለ፤
ጀምበር ስታዘቀዝቅ ግማሹ እዚያው አለ።
ሦስተኛው፣
ሦስተኛው ዝም አለ።

መሸ። ዝም። ነጋ። ዝም። እትዬ ብርቄ ሳቁ፤
«ምነው የባሌ አፍ እንዲህ ቢሆን!» ብለው ጣሳዬን ጠበቁ።
በሦስተኛው ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣
አንዲት ጠብታ ብቅ አለች፣ ፈራ ተባ ስትል ቆየች፣
ወደቀች።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ተራራ ሲሰበር፣
ድንጋይ ከድንጋይ ጋር እንደ ወፍጮ ሲማገር፣
የሚወርደው ዱቄት አንዱ አሸዋ፣ አንዱ ሸክላ ነው።
ስንጥቅ ሁሉ በር አይደለም፤
ጭቃ የመረገው በር ግድግዳ ነው።
ከመቶው አሥር ሸክላ ቢሆን፣ ውሃ አጥሩን ይዘላል፤
ሠላሳ ከሞላ ግን፣ ውሃም ደጅ ይጠናል።
ሸክላ ሲጠጣ ያብጣልና፣
ባበጠ ቁጥር ቀዳዳውን በገዛ ሆዱ ይደፍናል።

አያ ጓንጉል ሰሙኝ፤ መጫኛውን ጣሉት፤
«ይኸው! ጭቃ ሹም ነው!
ዶማ አምጡ፣ እንሻረው!»

ጨነቀኝ። ቢሻርስ? ምንጩ ሸሽቶ ሊነጥፍ፣
ውሃ ያረገዘው ዳገት ከነቤቱ ሊረግፍ።
(ጣርማ በር ሥር ያደገ ሰው፣ ክረምት ሌሊት ሲያጓራ፣
ጫማውን ሳያወልቅ ይተኛል፤ ያውቃል የጭቃን ሥራ።)

እኔም ከወንድሜ ጋር፣ ባባታችን እርሻ ሰበብ፣
ስምንት ዓመት ጠብ አለ፤ ቃል ግን አይልም ጠብ።
ይህን እዚህ ለምን እንደጻፍሁ እንጃ።
ሪፖርቱ ላይ የለም።

ሪፖርቱ ላይ ያለው፦ «ምንጩ አይነካ።
ከሾላው በስተግራ፣ ሸክላው የሳሳበት፣
በሚያዝያ እንኳ ሣሩ የማይደርቅበት፣
አንድ ቱቦ በአግድም ይግባ፤ ያውራ ጣት ውፍረት።»
አያ ጓንጉል አስነብበው፣ አገጫቸውን አሽተው፣
«ገባኝ» አሉ፤ «ሹሙን አትሻሩት፣
በጎን አነጋግሩት ነው።»

ግንቦት ላይ ቱቦው ገባ። የመጀመሪያው ጀሪካን ሊሞላ
ከቅዳሴ መግቢያ እስከ መውጫ ፈጀ።
ማንም ከሰልፉ አልወጣም።
ከላይ ሰፈር ሁለት ሰዎች ወርደው፣ ራቅ ብለው ቆመው አዩ፤
ምንም አላሉም፣ ተመለሱ።

ሦስተኛውን ጣሳ ከእትዬ ብርቄ አጥር ሥር ረስቼው መጣሁ።
ስንሰነባበት፣ ውሃው ከአፉ በጣት ብቻ ጎድሎ ነበር።
አሁንም፣ ይህን ስጽፍ፣
ገና አልጨረሰ ይሆናል።